ሶሬቲ ከአያቷ እጅ አልጎርስም አለች

ሰኞ

አልጎረሰችም። አፏን ግጥም አድርጋ ወደ ኋላ ሸሸች። የአማቴ የኦቦ ዲሳሳ እጅ ጉርሻውን እንደያዘ አየር ላይ ቀረ።

ሕንድ ስንሄድ ሶሬቲ ገና ታዝላ ነበር። ለወንጌል ሥራ ሰባት ዓመት እዚያ ቆየን፤ ቪዛችን አልታደስ ሲል ሻንጣችንን ይዘን ወጣን፤ ቅዳሜ ቡራዩ ገባን። ሽማግሌው ይህን ሁሉ ዓመት የልጅ ልጃቸውን በፎቶ ብቻ ሲያዩ ኖረው፣ የመጀመሪያዋን ጉርሻ ጠቅልለው ጠቅልለው አሳምረው ዘረጉላት። እምቢ። ደግመው ዘረጉ። እጆቿን ከጀርባዋ ደበቀች።

"ፈረንጅ አድርጋችሁ አመጣችሁልኝ" ብለው ተነሡ። ባሌ ገመቹ "አባባ፣ የመንገድ ድካም ነው" ቢል ማን ሰምቶት!

እኔ ከሆሳዕና ምራት ሆኜ ስመጣ እዚህ ቤት የተቀበሉኝ በጉርሻ ነው። የመጨረሻው ሊያንቀኝ ነበር፤ ግን ዋጥኩት። እዚህ ቤት ጉርሻ አይመለስም።

ማክሰኞ

አኩርፈዋል። ምሳቸውን ጓሮ ባለችው ክፍላቸው ብቻቸውን በሉ። እኔን "አከም ቡልቴ" ብለው እንዴት እንዳደርኩ ጠየቁኝ፤ ሶሬቲን ግን እንዳላዩ ሆነው አለፏት። ሰባ ዓመት ያለፈው ሰው ከዘጠኝ ዓመት ልጅ ጋር ተኳረፈ ብዬ ልስቅ ነበር፤ ፊታቸውን ሳይ ሳቄ ጠፋ።

ቤተ ክርስቲያናችን አዲስ አበባ ውስጥ ቤት ተከራይታልናለች። ቅዳሜ መኪና ይመጣል። ፓስተሩ በስልክ "የቡራዩ መንገድ ሰሞኑን አያስተማምንም፣ ቶሎ ውጡ" አለን። እውነቱን ነው፤ ትምህርት ቤት ተዘግቷል፣ ኢንተርኔት የለም፣ ሰው ሁሉ የሚያወራው የገበሬውን መሬት ወደ አዲስ አበባ ይጠቀልላል ስለሚባለው ማስተር ፕላን ነው። እኔም መውጣቱን እፈልገዋለሁ። ግን እንዲህ እንደተኳረፉ? ሽማግሌ ናቸው። ዛሬ የተከፋ ሽማግሌ ነገ ስለመኖሩ ማን ዋስ ይሆናል? ከቅዳሜ በፊት መታረቅ አለባቸው።

ሶሬቲ ማታ "ወደ ቤታችን መቼ ነው የምንመለሰው?" አለችኝ። ቤታችን ይሄ ነው አልኳት። እንዳታለልኳት ሁሉ አየችኝ።

ረቡዕ

ገመቹ ስላገለገልንበት አገር ለምእመናን ሊናገር ጠዋት ሱሉልታ ሄደ። ከሰዓት ደወለ፦ "መንገዱ ተዘግቷል። እዚሁ አድራለሁ፣ አትጨነቂ።" አትጨነቂ! ከአስፋልቱ በኩል የጎማ ጭስ ይታየኛል፣ አንዴም ተኩስ የመሰለ ነገር ሰምቻለሁ። የጥጉ ሱቅ ግማሽ በሩን ዘግቶ ነው የሚሸጠው። ዳቦ አገኘሁ፣ ዘይት የለም።

አማቴ በርጩማቸውን የአጥሩ በር ላይ አድርገው፣ ዱላቸውን ይዘው ተቀመጡ። ሮጠው የሚያልፉትን ወጣቶች በኦሮምኛ ይገሥጻሉ፣ ደግሞ ውኃ ይሰጧቸዋል።

"አባባ፣ እባክዎ ይግቡ፣ ያስፈራል" አልኳቸው።

"የት ልግባ? ልጄ ወደ ቤት ሲመለስ መሬቴ ከቤት ልትወጣ ነው ይሉኛል። አንዱን እንኳ ቁጭ ብዬ ልጠብቅ እንጂ!"

ምሳቸውን እዚያው ወሰድኩላቸው። ሶሬቲ ከመስኮቱ አልተነቃነቀችም፤ ስታያቸው ዋለች።

ሐሙስ

ዛሬ ያወቅኩትን እንዴት እንደምጽፈው አላውቅም።

ሶሬቲ "አካኮ ለምንድን ነው ብቻቸውን የሚበሉት?" አለችኝ። አካኮ ማለት አያቴ ማለት ነው፤ ገመቹ ነው ያስተማራት።

"ስላልጎረስሽላቸው ነዋ። ተጸየፈችኝ ብለው ነው የተከፉት።"

"እኔ?" ዓይኗ እንባ ሞላ። "እሳቸው እንዳይቆሽሹ ብዬ እኮ ነው! የኔ አፍ የነካው እጅ ትሪው ውስጥ ከገባ ምግቡ ሁሉ ይረክሳል።"

"ማነው እንዲህ ያለሽ?"

"ዳዲ።"

ዳዲ የምንላት ሕንድ ያለችው የአከራያችን እናት ናት። ሶሬቲ ትኩሳት ሲይዛት ደጃችን ላይ ተቀምጣ ስትጸልይ የምታድር ደግ አሮጊት። ሥርዓታቸው ነው፤ በክፋት አይደለም። የሶሬቲ ብርጭቆ እነሱ ቤት ለብቻው እንደሚቀመጥ አይ ነበር። ለልጄ የተለየ ክብር ሰጥተው መስሎኝ! እኔና አባቷ በላይኛው ክፍል እግዚአብሔር ሰውን ሁሉ እኩል ፈጠረ እያልን ስናስተምር፣ ልጄ እነሱ በሚኖሩበት በታችኛው ክፍል አፏ ቆሻሻ መሆኑን ተማረች።

አቅፌያት አለቀስኩ። ተናደድኩም። በማን እንደተናደድኩ ግን አላውቅም።

ገመቹ አመሻሽ ላይ ገባ። ግማሹን መንገድ በጭነት መኪና፣ ግማሹን በእግሩ። ጫማው ጫማ አይመስልም። ተመስገን።

ዓርብ

ጠዋት ለአማቴ ነገርኳቸው። መጀመሪያ አልገባቸውም፤ ደግሜ ነገርኳቸው። ሲገባቸው ዱላቸውን አንሥተው "የኔን ልጅ አፍ ቆሻሻ ያለው ማነው?" ብለው ጮኹ። ሕንድ ቅርብ ብትሆን በእግራቸው ይሄዱ ነበር። ከዚያ ዱላውን አስቀምጠው ወደ ደጅ ወጡ።

ሶሬቲ ደጅ ድንጋዩ ላይ ተቀምጣ ዳቦ ትበላ ነበር። ሄደው አጠገቧ ተቀመጡ። "ኮቱ፣ ኢንተለ ኮ" አሏት፤ ነይ ልጄ። እጃቸውን ዘረጉ። እሷም ካልተገመጠው በኩል ቆርሳ ልትሰጣቸው ስትል፣ "እሱን አይደለም" አሉ። የተገመጠውን በጣታቸው አሳዩአት።

ሶሬቲ ወደኔ አየች።

ሰጠቻቸው። ከዚያው ከጥርሷ ምልክት ላይ ገመጡና ቀስ ብለው አላመጡ። ዋጡ። "ሞትኩ?" አሏት።

"ገና ነው" አለች፣ ኮስተር ብላ።

እንዲህ ሳቁ እኚህ ሰውዬ! ባለቤታቸው ካረፉ ወዲህ እንዲህ ሲስቁ አልሰማሁም ይላል ገመቹ። ሶሬቲ ግን አልሳቀችም። እንዳይታመሙ ልትጠብቃቸው ቀኑን ሙሉ ስትከተላቸው ዋለች። ከብቶቹ ጋ፣ አጥሩ ጋ፣ ሽንት ቤት በር ድረስ።

ቅዳሜ

መኪናው መጣ። ሾፌሩ "አሁን ክፍት ነው፣ ከሰዓት ግን እንጃ፣ ፍጠኑ" ይላል። ገመቹ ሻንጣዎቹን ጫነ። ሶሬቲን ስጠራት አልመጣም አለች።

"አካኮ ዛሬም ሊታመሙ ይችላሉ። እኛ ከሄድን ማን ያያቸዋል?"

ገና ተናግራ ሳትጨርስ አማቴ ሳሉ። ሳል የሚባል ነገር የማያውቃቸው፣ ጤናቸው የበሬ የሆኑት ሰውዬ! ደረታቸውን ይዘው ድጋሚ ሳሉ። ገመቹ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ ትከሻው ይንቀጠቀጣል፤ እየሳቀ ነው።

እኔ ፈርቻለሁ። አሁንም እፈራለሁ። አዲስ አበባ ያለው ቤት ከዚህ ይሻላል፣ ፓስተሩም ይቀየመናል። ያም ሆኖ ሻንጣዎቹን ከመኪናው ያወረድኩት እኔ ነኝ። ልክ ይሁን ስህተት ጌታ ያውቃል። ሾፌሩ ራሱን እየነቀነቀ ባዶውን ተመለሰ።

ይህን ስጽፍ አስፋልቱ ጸጥ ብሏል። እስከ መቼ እንደሆነ አላውቅም። አማቴ ከጓሮ ሲስሉ ይሰማኛል። ሶሬቲ ስትርቅ ይተዋቸዋል፤ ስትመለስ ይብስባቸዋል።