ሥልሳም ሃምሳም፦ ስለ አያቴ ጀልባ የውሃ ማሞቂያ

ለተከበሩ ሚስተር ዴዝመንድ ፕሪንግል
የስዋን ወሽመጥ የጀልባ ማቆሚያ ሥራ አስኪያጅ
ታዝማኒያ

የሙቅ ውሃ ቧንቧ ከፍቶ፣ እጁን በድንጋጤ እየሰበሰበ «ይሄ እጅ መታጠቢያ ነው ወይስ ዶሮ መንጫ?» ብሎ ያልጠየቀ ሰው ይኖር ይሆን? ክቡርነትዎ ጠይቀው እንደማያውቁ እገምታለሁ። ስለዚህም ከሁሉ አስቀድሜ ለሁለቱ ጤነኛ እጆችዎ ያለኝን መልካም ምኞት እየገለጽኩ፣ ቤተሰብዎም፣ ጠረጴዛዎም፣ ከሦስት ሳምንት በፊት ጠረጴዛዎ ላይ ያረፈው ማመልከቻዬም በደህና እንደሚገኙ ተስፋ አደርጋለሁ።

ስሜ ብሪዮኒ ካላሃን ነው፤ በመካኒካል ምህንድስና ከተመረቅኩ አምስት ወሬ ነው። አሥራ አራተኛው ማቆሚያ ላይ በታሰረችው «ሎሬታ» በተባለችው ባለ ሸራ ጀልባ ላይ አሥራ አንድ ዓመት የኖሩት የክሌም የልጅ ልጅ ነኝ። በደንብዎ መሠረት፣ የጸደቀ የውሃ ማሞቂያ በሌላት ጀልባ ላይ ክረምቱ ከሚገባበት ከጁን አንድ ጀምሮ ማደር ክልክል ነው። ዛሬ ሜይ ሃያ ሦስት ስለሆነ፣ የአያቴ ቤት በእርስዎ አንዲት ፊርማ ላይ ተንጠልጥሎ ይገኛል። እኔም ይህን አጋጣሚ በመጠቀም ምስጋናዬን በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ ስለማያልቀው ትዕግሥትዎ። በጀልባ ላይ ውሃ የሚሞቀው በሁለት መንገድ መሆኑን ከእኔ በተሻለ ያውቃሉ፤ ማቆሚያ ላይ በኤሌክትሪክ፣ ጉዞ ላይ ደግሞ ከሞተሩ በሚመጣ ሙቀት። ኤሌክትሪኩ ሲበቃው ይቆማል፤ ሞተሩ ግን በቃኝ አያውቅም። ባለፈው ማርች አያቴ ለአንድ ሰዓት ያህል በሞተር ሄደው ሲመለሱ፣ ኩባያ ሊያጥቡ የከፈቱት ውሃ ግራ እጃቸውን ላጠው። በኋላ ስለካው ሰማንያ አራት ዲግሪ ነበር። እሳቸውማ እጃቸውን ባልዲ ውስጥ እንደነከሩ «ነይ ልጄ፣ ሻይ ቅጠሉን ብቻ አምጪ፤ ውሃው ደርሷል» ነው ያሉኝ።

እኔም ማሞቂያውን ለመቀየር ተነሣሁ። ከሥሩ የዛገው የማሞቂያው አሮጌ የብረት ጋን በሞተር ክፍሉ በር አልወጣ ብሎኝ በመጋዝ ለሁለት ከፈልኩት፤ መጀመሪያ ማሞቂያው ተቀምጦ ጀልባዋ በዙሪያው የተሠራች ይመስል ነበር። በአዲሱ ጋን መውጫ ላይ ሙቁን ከቀዝቃዛው የሚያደባልቅ ቫልቭ ገጠምኩ፤ ኤሌክትሪኩን ፈቃድ ያለው ባለሙያ አገናኘው። አሁን ጋኑ ውስጥ ያለው ውሃ ባክቴሪያ እንዳይራባበት ከሥልሳ ዲግሪ አይወርድም፤ ቧንቧው ላይ የሚደርሰው ደግሞ ሰው እንዳይፈጅ ከሃምሳ አይዘልም።

ሁለተኛ፣ ስለ ቅጽዎ። «የሙቅ ውሃው ሙቀት» ከሚለው ፊት ለፊት አንዲት ጠባብ ሣጥን አለች። ሥልሳ ብዬ ብጽፍ፣ የደህንነት ተቆጣጣሪዋ ሚስ ታክ «ሽማግሌውን ልትቀቅያቸው ነው እንዴ?» ብለው መለሱልኝ። ሃምሳ ብዬ ባስተካክል፣ የጤና ተቆጣጣሪው ሚስተር ኦርቺን «ጀርም ልታረቢ ነው?» ብለው መለሱልኝ። ሁለቱ ባለሥልጣናት አንድ ክፍል ውስጥ ጀርባ ለጀርባ ተቀምጠው ስለሚሠሩ፣ አንዳቸው ዞር ቢሉ ጉዳዩ ባለቀ ነበር። በመጨረሻ «ሥልሳ ጋኑ ውስጥ፣ ሃምሳ ቧንቧው ላይ» ብዬ ሁለቱንም ጻፍኩ። ያኔ እርስዎ ራስዎ መስኮቱ ድረስ መጥተው «የኔ እህት፣ ሣጥኗ አንድ ናት። ደግሞ ምን አስጨነቀሽ? ሃምሳ አምስት በዪና ተገላገዪ!» አሉኝ።

ለምክሩ ከልብ አመሰግናለሁ። ሃምሳ አምስት ለጋኑ ያንሳል፣ ለቧንቧው ይበዛል፤ ሁለቱንም አደጋ በአንድ ቁጥር ማቅረብ የቻለ ሰው እስከ ዛሬ አላጋጠመኝም። አራት ዓመት ስማር ይህን ያስተማረኝ የለም።

ሦስተኛ፣ አያቴ። «ተይ አትጨቃጨቂ፤ ክረምቱን እናትሽ ቤት ሶፋ ላይ ባሳልፍ ምን እሆናለሁ?» ይሉኛል። ይህን ሲሉ ግን የሎሬታን ገመድ ሦስቴ ፈትተው ሦስቴ መልሰው አሰሩት፤ ቀና ብለውም አላዩኝም። ለዚህ ምስጋና አላገኘሁለትም።

ስለዚህ ክቡርነትዎን በትሕትና የምጠይቀው ይህን ነው። የፊታችን ቅዳሜ ከምሳ በኋላ ሁለቱን ተቆጣጣሪዎች ይዘው ወደ ሎሬታ ይምጡልን። ሞተሩን አንድ ሰዓት አስነሣለሁ፤ ሚስተር ኦርቺን የጋኑን ሙቀት ያነባሉ፣ ሚስ ታክ የቧንቧውን። ቧንቧው ከሃምሳ ካለፈ የአያቴን ሻንጣ እኔው ተሸክሜ አወጣለሁ። ካላለፈ ግን ሁለቱን ቁጥሮች አንዱን ካንዱ ሥር ይጻፉልኝና እዚያው ይፈርሙልኝ። የዚህን ደብዳቤ ግልባጭ በማቆሚያው የማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ የምታነቡ ጎረቤቶችም፣ ቧንቧው የሚያስደነግጣችሁ ሁሉ ቅዳሜ ኑ፤ ክቡርነትዎ ደግሞ መምጣት አለመምጣትዎን እስከ ዓርብ በአንዲት መስመር ቢመልሱልኝ ደስታዬ ወደር የለውም።

ለሥልጣንዎም፣ ለቅጽዎም፣ ለሣጥንዎም ጥልቅ አክብሮቴን እያቀረብኩ፣ እጄን ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ እንደነከርኩ የምሰናበትዎ፣

ብሪዮኒ ካላሃን
አሥራ አራተኛው ማቆሚያ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ጉዳዩ እስኪያልቅ አያቴ በጽሕፈት ቤትዎ ሻወር እንዲጠቀሙ ስለፈቀዱላቸው እጅግ እናመሰግናለን። ትናንት የሻወሩን ውሃ ለካሁት፤ ሰባ አንድ ዲግሪ ነው። ትርፍ ቫልቭ ስላለኝ በግማሽ ቀን በነጻ እገጥምልዎታለሁ። ቅጹን ግን እርስዎ ይሞሉታል።