የአክስቴ ክርን ብቻ የቀረበት ፊልም

ለተከበሩ የፊልም ቤተ መዛግብት ዋና ኃላፊ፣

ጤናዎ እንዴት ሰንብቷል? እኔም አክስቴም ጤናዎን አጥብቀን እንመኛለን፤ በተለይ የዓይንዎን። ያ ሁሉ በቆርቆሮ የታሸገ ፊልም በእጅዎ ስላለ፣ እርስዎ ካላዩት ማን ያየዋል ብለን ነው።

ይህን በጋዜጣ የምጽፍልዎ ደፋር ሆኜ አይደለም። በመስኮታችሁ ፊት ስቆም ድምፄ ይሰልላል፤ ጸሐፊዎ «ምን አልሽ? ጮክ በይ!» ባሉኝ ቁጥርም ያሰብኩት ሁሉ ይጠፋብኛል። ትምህርቴንም ከስምንተኛ ክፍል ስላቋረጥኩ፣ ቃል ብሳሳት እንደ ትልቅ ሰው ይለፉኝ።

ለማያውቅ አንባቢ ጉዳዩን ላስረዳ። ውሃ ስለደረቀባት ዓለምና ሕዝቡን ጭና ስለምትሄደው የጠፈር መርከብ የሚተርከውን ያን ዝነኛ ፊልም ያላየ ሰው ጥቂት ነው። ያሳደገችኝ አክስቴ፣ የእናቴ ታላቅ እህት፣ በወጣትነቷ እዚያ ፊልም ላይ ተውናለች። መርከቧ ላይ ቦታ አጥታ የቀረች የሬዲዮ ሠራተኛ ሆና፣ ለሄዱት ሰዎች እስከ መጨረሻው ታወራላቸዋለች። በመጀመሪያው ቅንብር ፊልሙ የሚያልቀው በእሷ ነበር። በኋላ ግን ረዘመ ተባለና ተቆረጠች። ሲኒማ ቤት በወጣው ላይ የተረፈው፣ መርከቧ ስትነሳ በምስሉ ጥግ ለአፍታ የሚታይ አንድ ክርን ነው።

የሰፈራችን ቴሌቪዥን ጠጋኝ በዚህ የተነሳ «እትዬ ክርን» ነው የሚላት። ፊልሙ በታየ ቁጥር በልብስ ስፌት ቤታችን በር አንገቱን አስግጎ «ትናንት ደግሞ እንዴት አምሮብሽ ነበር! ግራው ነው ቀኙ?» ይላታል። እሷም «ሂድ ወዲያ፣ የኔ ክርን ካንተ ፊት ይሻላል!» ብላ ትስቃለች። እሱ ሲሄድ ግን የስፌት መኪናዋን ከወትሮው አፍጥና ትረግጠዋለች።

ታዲያ ስኳር በሽታ ዓይኗን ያዘው። ሐኪሙ «ማየት የሚፈልጉት ነገር ካለ አሁኑኑ ይዩት» አላት። ሌላ ሰው ባሕር ይል ይሆናል፣ ወይም የሩቅ ዘመድ። አክስቴ ግን «ራሴን ነው የማየው» አለች። «አንድም ቀን አይቼው አላውቅም። ጥሩ ልሥራ መጥፎ፣ የነገረኝ የለም።» ወደ እናንተ የመጣነው በዚህ ምክንያት ነው። ከዚያ ወዲህ የተደረገልንን ቸርነት በቁጥር ላስቀምጥ።

፩. ምስል ክፍል ያሉት ሰው «ያልወጣ ፊልም እንዳልተሠራ ይቆጠራል» ብለው ስላስተማሩን እናመሰግናለን። ይህን ሲነግሩን ያልተሠራው ፊልም ከጀርባቸው መደርደሪያ ላይ በቆርቆሮ በቆርቆሮ ተደርድሮ፣ «የተቆረጡ» የሚል ወረቀት ተለጥፎበት ነበር። አቧራው እንኳ በደንብ ተጠርጓል። ለሌለ ነገር ይህን ያህል መጠንቀቃችሁ ያስመሰግናችኋል።

፪. ያላለቀ ፊልም ምስሉ በአንድ ጥቅል፣ ድምፁ በሌላ ጥቅል እንደሚቀመጥ ነገራችሁን፤ ገባን። ያልገባን፣ ምስል ክፍል «ድምፅ የሌለው ምስል ጎዶሎ ነው፤ ቀድሞ ድምፅ ክፍል ይፍቀድ» ሲል፣ ድምፅ ክፍል ደግሞ «ምስል ሳይኖር ምን ልታዳምጡ ነው? ቀድሞ ምስል ክፍል ይፍቀድ» ማለቱ ነው። ሁለቱ ክፍሎች ፊት ለፊት ናቸው። አክስቴ በመሃላቸው ካለው አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጣ «ተኳርፈው ነው መሰለኝ፣ ምነው የሚያስታርቃቸው ጠፋ?» አለችኝ። ያን ቀን ቢያንስ ስቀን ወጥተናል።

፫. «ለበላይ እስኪቀርብ ታገሡ» ተባልን፤ ታገሥን። ዓይን ግን ትእዛዝ አይቀበልምና አልታገሠም። መጀመሪያ መርፌው ውስጥ ክር እንዳስገባላት ጠየቀችኝ። ቀጥሎ ጥቁርና ሰማያዊ ክር ይምታታባት ጀመር። የአንድ ደንበኛ ጥቁር ሱሪ በሰማያዊ ክር ሰፍታ ስትሰጠው፣ ሰውየው አየውና አመስግኖ ለበሰው። እንዲህ ያለ ሰው በመሥሪያ ቤታችሁ እንዲቀጠር ብጠይቅ ደፈረች እንዳይሉኝ እፈራለሁ።

፬. ፊልሙ የወጣበትን ዓመት መታሰቢያ ስታከብሩ የተቆረጡትን ትዕይንቶች ለክቡራን እንግዶች ማሳየታችሁን የሰማነው ከዘበኛችሁ ነው። እኛ እንደ ልማዳችን ስንመላለስ አክስቴን ትኩር ብሎ አየና «እትዬ፣ ያቺ ሬዲዮ ላይ የምታወራው ልጅ እርስዎ ኖት እንዴ? በር ላይ ቆሜ አየሁዎት እኮ! ድምፅ ስለሌለው ምን እንደሚሉ እንጃ፣ ሰዉ ግን ያለቅስ ነበር» አላት። አክስቴ «ጥሩ ሠርቻለሁ?» አለችው፣ እንደ ትንሽ ልጅ። «ኧረ እኔንም አስለቅሰውኛል!» አላት። ያለ ድምፅ ማየት የሚቻለው ለካ ግብዣ ሲኖር ነው።

፭. በመጨረሻ ፈቃዳችሁ ባለፈው ሳምንት ደረሰን። ባለጉዳይዋ ብቻዋን፣ ያለ ተከታይ፣ ምስሉን ያለ ድምፅ እንድታይ ይላል። ከፍ አድርጌ ያነበብኩላት እኔ ነኝ፤ እሷ አሁን የምትለየው ቀንና ሌሊትን ብቻ ነውና። አንብቤ ስጨርስ፣ ደብዳቤውን ከእጄ ወስዳ በጣቶቿ ዳሰሰችው። «በይ አንቺ ሂጂና እዪልኝ» አለችኝ። ለእኔ አልተፈቀደም። ማየት ለምትችለው ከለከላችሁ፣ ለማትችለው ፈቀዳችሁ፤ እንዲህ ያለ ጥንቃቄ በሌላ አገር አይገኝም።

ስለዚህ ክቡርነትዎ፣ ምስሉን ትተንልዎታል፤ እንግዶችዎ ይዩት። እኛ የምንለምነው የድምፁን ጥቅል ነው። አክስቴ መጨረሻ ላይ ለሄዱት ሰዎች ምን እንዳለቻቸው ረስታዋለች። ራሷን ማየት ባይሆንላት፣ ያኔ የነበራትን ድምፅ ትስማው። ስትሰማው አጠገቧ እቀመጣለሁ፤ እኔ ዝም ማለት እንደማውቅ ጸሐፊዎ ይመሰክሩልኛል።

መደርደሪያዎ ሳይጎድል፣ አቧራ ሳይደርስበት፣ በርዎን የሚያንኳኳ ሳያስቸግርዎ ለብዙ ዘመን እንዲቆዩ የምትመኝ፣

ከመስኮትዎ ማዶ የቆመችው የልብስ ሰፊዋ ልጅ

ማሳሰቢያ፦ ፈቃዱ ግርጌ ላይ «መነጽር የሚጠቀሙ ከሆነ ይዘው ይምጡ» ይላል። የአክስቴን መነጽር ለብቻው በፖስታ ልኬልዎታለሁ። ለእሷ ከእንግዲህ አይጠቅማትም፤ በቢሮዎ ግን አግዳሚ ወንበር ላይ የተቀመጠ ሰው የማይታየው ሠራተኛ ካለ ይስጡልን።