ካርዴን በጊዜው ስለመመለሴ የቀረበ ምስጋና

ለተከበሩ የጤና መድን ጽሕፈት ቤት ዋና ኃላፊ፣
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣ ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎና ለመላው ቤተሰብዎ ጤና እመኛለሁ። ምኞቴ ከልብ ነው። ላለፉት አሥራ ሦስት ቀናት እኔና ባለቤቴ ለአራት ዓመት ልጃችን ከምኞት በቀር የምንሰጣት ሽፋን ስለሌለን፣ በመመኘት በኩል ሁለታችንም እጃችን ተፍታቷል።

ማን እንደሆንኩ ልናገር። ሊፍት ጠጋኝ ነኝ። ስድስት ዓመት የሠራሁበት ድርጅት ከወሩ ሦስቱን ሳምንት ከከተማ ከተማ ያዞረኝ ስለነበር፣ ከመዝለል ስለማታርፍ ፌንጣ የምንላት ልጄ ቤት በመጣሁ ቁጥር ከእናቷ ቀሚስ ኋላ ተሸጉጣ እንደ እንግዳ ታየኝ ነበር። ታዲያ ለቤታችን ቅርብ የሆነ ሆስፒታል ሊፍቶቹን የሚጠብቅ ሰው ሲፈልግ፣ ዕድሌ ነው ብዬ መልቀቂያ አስገባሁ። የሆስፒታሉ መድን የሚጀምረው ግን የሙከራው ዘጠና ቀን ሲያልቅ ነው፤ የድሮው ደግሞ በወጣሁበት ዕለት ተቋርጧል። ከሁለት ያጣ ጎመን ሆነን መሀል ላይ ቀረን። ቀኑን ሙሉ የሰው ልጅ ታሞ ሲመጣ በምጠግነው ሊፍት አምስተኛ ፎቅ ወዳለው የሕፃናት ክፍል ይወጣል፤ የእኔ ልጅ ግን ለመታመም ተራዋን መጠበቅ አለባት።

ጽሕፈት ቤትዎ ይህን ክፍተት አስቀድሞ አስቦበት፣ በአሥራ አምስት ቀን ውስጥ ለጠየቀ ሰው የማሸጋገሪያ ሽፋን ማዘጋጀቱን ስሰማ፣ አልዋሽም፣ ደስ ብሎኝ ነበር። ስለ ደስታውም አመሰግናለሁ፤ ግማሽ ቀን ያህል ቆይቶልኛል። ከዚያ ወዲህ ቁጭ ብድግ ስል የሰነበትኩባቸውን ጉዳዮች በተራ ቁጥር እንዳቀርብ ይፈቀድልኝ።

አንደኛ፦ በጽሕፈት ቤትዎ በር ላይ «ከሥራ የለቀቀ አባል ካርዱን በለቀቀበት ዕለት ይመልስ» የሚል ትልቅ ማስታወቂያ ተለጥፏል። እኔ ማስታወቂያ የማነብ ሰው ነኝ፤ ሙያዬ ነው፣ «ከስድስት ሰው በላይ አትጫኑ» የሚለውን ጽሑፍ እየለጠፍኩ የማድር ሰው የሌላውን ጽሑፍ ልንቅ አልችልም። ስለዚህ የመጨረሻዋን ቀን ሠርቼ እንደጨረስኩ፣ ቱታዬን እንኳ ሳልቀይር መጥቼ የሦስታችንንም ስም የያዘውን ካርድ አስረከብኩ። የመስኮት ሦስት ሠራተኛ በለቀቀበት ዕለት ካርዱን ሊመልስ የመጣ ሰው ስታይ የመጀመሪያዋ መሆኑን ገልጻልኝ፣ የእርስዎ ፊርማና ማኅተም ያለበት የምስጋና ወረቀት ሰጠችኝ። ቤት ወስጄ ከባለቤቴ የልብስ ስፌት መኪና በላይ ለጠፍኩት።

ሁለተኛ፦ በማግስቱ የማሸጋገሪያውን ሽፋን ልጠይቅ ስመጣ፣ ቅጹ የካርዱ ፊትና ጀርባ ፎቶ ኮፒ እንዲያያዝበት የሚጠይቅ ሆኖ አገኘሁት። ካርዱ ከሠራተኛዋ ጀርባ ባለው መሳቢያ ውስጥ ነው፤ እሷም አልካደችም። ነገር ግን የተመለሰ ካርድ ከመሳቢያ የሚወጣው ባለቤቱ በማመልከቻ ሲጠይቅ ነው፣ ማመልከቻው የሚታየውም የካርዱ ኮፒ ሲያያዝበት ነው። እሷን አልወቅሳትም፤ አንገቷን ደፍታ ነው የነገረችኝ። ድምጿን ዝቅ አድርጋም ሌላው ሰው ካርዱን ኪሱ ከትቶ ወሩ እስኪያልቅ እንደሚታከምበት፣ ማሸጋገሪያውንም እንደሚጠይቅበት፣ ለወጉ ያህል ከሦስት ወር በኋላ እንደሚመልሰው አጫወተችኝ። ማስታወቂያውን አንብቦ የታዘዘ እኔ ብቻ ነኝ። ከዚያ ወዲህ አራት ጊዜ ተመላልሼ መሳቢያውን በዓይኔ ሳየው ሰንብቻለሁ፤ መልካም መሳቢያ ነው፣ አይከፈትም።

ሦስተኛ፦ ይህን ቁጥር ባለቤቴ አንብባ አቤቱታ ሳይሆን ስድብ ነው ብላ ሰርዛዋለች። ቦታውን ለክብርዎ ስል ባዶ ትቼዋለሁ።

አራተኛ፦ ካርዱ እንደማይወጣ ስንረዳ፣ ዘጠናውን ቀን ዝም ብለን እንለፈው ወይስ ወደ ድሮ ሥራዬ ልመለስ በሚለው ላይ ቤታችን ሸንጎ ሆነ። አማቴ ዘጠና ቀን ምን አላት ባይ ናቸው፤ አምስት ልጅ ያሳደጉት በየትኛው ካርድ እንደሆነ ጠየቁን። ባለቤቴ ከስፌቷ ቀና ሳትል የወለዱት ግን ስድስት መሆኑን አስታወሰቻቸው። 

እኛ የምንፈራው በሩቁ አይደለም። ባለፈው ዓመት ፌንጣን ትኩሳት አንዘፍዝፎ ጥሏት፣ ዓይኗ ተገልብጦ፣ እናቷ በነጠላ ጫማ እየሮጠች ሆስፒታል አድርሳት ሦስት ቀን ተኝታ ድናለች፤ ያ ካርድ ባይኖር ዛሬ ባለቤቴ የምትሰፋበት መኪና አይኖርም ነበር። ሐኪሙም ትኩሳቷ ሽቅብ ሲል ዳግመኛ ሊጥላት እንደሚችል ነግሮናል። በጽሕፈት ቤትዎ ግድግዳ ላይ «ታሞ ከመማቀቅ አስቀድሞ መጠንቀቅ» ተብሎ እንደተጻፈው እኛም ተጠነቀቅን፤ ልጅቷን ከሚያስሉ የጎረቤት ልጆች ለየናት፣ በፀሐይ ሹራብ አለበስናት፣ በየማታው መግባቴን ከለመደች ወዲህ ከአልጋ ጫፍ ዘላ እቅፌ ውስጥ የምትወድቀውን፣ እኔም ሥራ የቀየርኩለትን ጨዋታ ከለከልናት። ብልጥ ናትና አሁን ስታስነጥስ ይቅርታ ትጠይቃለች።

አምስተኛ፦ ባለፈው እሑድ ከሰዓት በኋላ ፌንጣን ትኩሳት ያዛት። አቅፈናት ሆስፒታሉ ሄድን፤ አልገባንም ግን። ምድር ቤት፣ ከሊፍቱ ፊት ለፊት ካለው አግዳሚ ላይ ተቀመጥን። ቴርሞሜትሩ ሠላሳ ስምንት ነጥብ ሰባት ይላል፤ ሠላሳ ዘጠኝ ከሞላ እንገባለን፣ ካልሞላ እንጠብቃለን ተባባልን። ከባለቤቴ ጋር ስንጋባ ብዙ ነገር ተስማምተናል፤ እንዲህ ያለ ነገር ግን ተስማምተን አናውቅም። በዚያው ሳምንት የጠገንኩት ሊፍት እፊታችን ይከፈታል፣ ይዘጋል፤ ጥሩ አድርጌ ነው የሠራሁት። ሁለት ሰዓት ተኩል ያህል ቁጥር ስናይ ቆይተን ትኩሳቷ በረደ። መንገድ ላይ ባለቤቴ፣ ልጇ እስክትነድ ድረስ አግዳሚ ላይ ተቀምጣ ዳግመኛ እንደማትጠብቅ ነገረችኝ። እኔም ያን ሁሉ ሰዓት ልጄ እንዳትጠፋኝ መለመን ሲገባኝ፣ ቁጥሩ እንዳይሞላ እየለመንኩ እንደነበር ለእሷ ያልነገርኳትን ለእርስዎ እነግራለሁ። አፍሬያለሁ።

በእኛ ሙያ፣ ክቡር ሆይ፣ ሊፍት በሁለት ፎቅ መሀል ሲቆም በመጀመሪያ ሰውየውን እናወጣለን፤ ለምን ቆመ የሚለውን ከዚያ በኋላ ነው የምንመረምረው። የገባበትን ፎቅ ማስረጃ ፊትና ጀርባ ኮፒ አድርገህ አምጣ ያልንበት ጊዜ የለም። ምናልባት ወደ ኋላ ቀርተን ይሆናል።

ስለዚህ ወስነናል። በአሥራ አምስት ቀን ውስጥ ወደ ቀድሞ ሥራው የተመለሰ ሰው ሽፋኑ እንዳልተቋረጠ ይቆጠራል የሚለውን ደንብዎን አንብቤዋለሁ፤ እንደሚያውቁት የተጻፈ ነገር አነባለሁ። የድሮ አለቃዬም መልቀቂያዬን ከመሳቢያው አውጥቶ ሊቀድልኝ ፈቃደኛ ነው፤ መሳቢያ የሚከፈትበት መሥሪያ ቤት መኖሩን በዚህ አጋጣሚ እጠቁማለሁ። ከነገ ወዲያ ዓርብ የሆስፒታሉን ቁልፍ አስረክባለሁ። ፌንጣ መድን ይኖራታል፤ አባት ግን እንደ ድሮው በወር አንድ ሳምንት ነው የሚኖራት። ትናንት ከዓርብ ጀምሮ እንደልቧ መዝለል እንደሚፈቀድላት ስነግራት፣ ማን ነው ታዲያ የሚይዘኝ ብላ ጠየቀችኝ። ጥያቄውን ለክቡርነትዎ አስተላልፌያለሁ፤ በስንተኛው መስኮት እንደሚስተናገድ እንዲገለጽልኝ በትሕትና እለምናለሁ።

ማስታወቂያዎን ካነበቡት ሁሉ እጅግ ታዛዥ የሆንኩት፣ ለእርስዎ ረጅም ጤና ለመሳቢያዎም ጽናት የምመኝ፣
ሊፍት ጠጋኙ፣ የፌንጣ አባት

ድኅረ ጽሑፍ፦ ማኅተም ያለበትን የምስጋና ወረቀትዎን ከግድግዳዬ አንሥቼ ከዚህ ደብዳቤ ጋር አያይዤ መልሻለሁ። በጊዜው ስለመለስኩት ሌላ ምስጋና እንዳይጻፍልኝ አደራ እላለሁ። ሰው ከስሕተቱ ይማራልና፣ ፊትና ጀርባውን ፎቶ ኮፒ አድርጌ አስቀርቻለሁ።