በቆሎ ጠብሰን ግመል ያልንበት ግቢ

ግርምዬ፣ የማርታ አባት፣

ከተለየኸን ሁለተኛው ነሐሴ ገባ። ደህና ነኝ ብዬ ልጀምርልህ፤ እውነቱን ከጠየቅከኝ ግን ደህና የሆንኩት ካለፈው እሑድ ወዲህ ነው። ወሬ ከመሃል ሲጀመር እንደማትወድ ስለማውቅ ከላይ ልያዘው።

ቤቱ እንዳለ ነው። ጣሪያው ማንጠባጠቡን አልተወም፤ ነገ እጠግነዋለሁ ስትል ስትል ቀደምከው። ማርታ በቁመት ልታልፈኝ ነው፣ በምላስማ ካለፈችኝ ቆየች። ከመኪና ቸርኬ የሠራኸው መጥበሻ ጓሮ እንደተቀመጠ ዝጎ፣ ዶሮዋ እንቁላል ትጥልበት ነበር።

ከሀርሺን፣ ከጉድጓድ ቁፋሮ ሥራህ በተመለስክበት ሳምንት ሁሉ፣ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ሸሚዝህን ሳትቀይር ከሰል ታቀጣጥል ነበር። አንተ ሥጋ ስታይ ዓይንህ የሚቀላ ሰው፣ በዚያ ቸርኬ ላይ አንድም ቀን ሥጋ አልጠበስክም። በቆሎ እሸት፣ ድንች፣ ሽንኩርት፣ ቃሪያ፣ ከጨውና ከሎሚ ጋር፣ በቃ። ሥጋ ከመጣ የማን ቢላ አረደው ይመጣል፤ የእኛ ለእነ አብዲ አይሆንም፣ የእነሱም ለእኛ፤ በቆሎን ግን የሚያርደው የለም ትል ነበር። አጥር የምንጋራቸው አብዲና ሚስቱ ሂባቅም ባስባስ የሚሉትን የቃሪያ ድልሃቸውን በጣሳ ይዘው ከች ይላሉ።

ያን የመጀመሪያውን ቀንማ እንዴት ብዬ እረሳለሁ! ገና ወደ ሰፈሩ እንደገባን፣ ሶማሊኛ ቻልኩ ብለህ በአጥሩ ተንጠራርተህ አብዲን ጠራኸው። በቆሎ በቋንቋቸው ገለይ ነው፤ አንተ ግን ጌል ጠብሻለሁ፣ ቤተሰብህን ይዘህ ና አልከው። ጌል ግመል! ወይ ጉድ! ግመል የማይቀምስ ክርስቲያን ለእኛ ብሎ ከእኛ ሥጋ ቤት ገዝቶ ግመል ጠበሰ ብለው፣ አብዲ ትልቅ ሳህን ይዞ፣ ሂባቅ ልጆቿን አስከትላ፣ አዬዮ የሚሏቸው አሮጊቷ አማቷ እንኳ ሳይቀሩ በምርኩዝ መጡ። ቸርኬው ላይ የተደረደረውን በቆሎ ሲያዩ አዬዮ ከሳቅ ብዛት መሬት ቁጭ አሉ። ከዚያ ወዲህ በግቢያችን በቆሎ የሚባል ነገር ቀረ፤ አንድ ግመል አቀብለኝ ሆነ።

ስታርፍ እነ አብዲ ከወንድሞቼ በላይ ቆሙልኝ። ድንኳን የተከሉት፣ ውሃ ያመላለሱት እነሱ ናቸው። ከአርባህ በኋላ ግን እግራቸው ራቀ። ሂባቅ በር ላይ ስታገኘኝ እጄን ይዛ፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ እንዴት ነሽ ብላኝ ትሄዳለች። አብዲ ከሩቅ አንገቱን ሰበር አድርጎ ያልፋል። ስንት እሑድ አለፈ! ለካ ይመጡ የነበረው ለግርማ ነው እንጂ ለእኔ አይደለም አልኩ። ሆድ ባሰኝ። ናዝሬት ያለው ወንድሜ ልጅሽን ይዘሽ ነይ ሲለኝ፣ አንተን እዚህ አፈር ውስጥ ትቼ እሺ አልኩት። ለመሥሪያ ቤቴም የዝውውር ማመልከቻ አስገባሁ። ምን ላድርግ፣ ሰው ግድግዳ አቅፎ አይኖር።

እሑድ ማርታ በፌስታል በቆሎ ይዛ መጣች፤ መሄዳችን ካልቀረ አንዴ እንጥበስ አለችኝ። ዶሮዋን አባርሬ ቸርኬውን ፈገፈግኩት። ከሰሉ እርጥብ ስለነበረ ዓይኔን አጠፋው፤ በካርቶን ባራገብኩት ቁጥር ጭሱ ወደ እነ ሂባቅ ግቢ። የመጀመሪያዎቹ በቆሎዎች አረሩብን። ድንቹን አመድ ውስጥ ቀብረን ተቀመጥን። ማንም ብቅ አላለም። ደሜ ፈላ፤ መቼም ታውቀኛለህ። ባልዲ ገልብጬ ወጣሁበትና፣ ሂባቅ፣ ምን በደልኩሽ፣ ከግርማ ጋር እኔንም ቀበርሽኝ ወይ ብዬ ጮህኩ። ሰፈሩ ሁሉ ሰማ። ማርታ በሐፍረት ቀሚሴን ትጎትታለች።

ሂባቅ በእርጥብ እጇ እየሮጠች መጣች። ወላሎ፣ ወላሎ፣ እህቴ እያለች አለቀሰች። ምን ትለኛለህ፣ እሷ እቴ ስትጠብቀኝ ኖራለች! በእነሱ ዘንድ ባል የሞተባት ሴት አራት ወር ከጥቂት ቀን ነጭ ለብሳ ትቀመጣለች፤ እስክታወልቅ ሳቅና ጨዋታ ይዞ የሚገባባት የለም። የእኛ ሐዘን ጥቁር መሆኑን ታውቃለችና፣ ከራስ እስከ እግሬ ጥቁር ለብሼ ስታየኝ ገና ናት ትላለች። እኔ ደግሞ ሙት ዓመትህ ካለፈም በኋላ ያላወለቅኩት ማንም በቃሽ ስላላለኝ ነው። እኛ ዘንድ ሐዘንተኛዋ ራሷ አታወልቅም፣ ዘመድ መጥቶ ነው ሌላ የሚያለብሳት፤ የእኔ ዘመድ ያለው ሩቅ። እሷ እኔ እስካወልቅ፣ እኔ የሚያስወልቀኝ እስኪመጣ፣ በአንድ አጥር ተጠባበቅን!

አዬዮ በምርኩዛቸው ደረሱ። ሂባቅ በሶማሊኛ ነገረቻቸው። ትከሻዬን ተጭነው በርጩማ ላይ አስቀመጡኝ፣ ጥቁር ሻሼን በእጃቸው ፈቱ፣ አጣጥፈው ብብታቸው ሥር ከተው የራሳቸውን ብርቱካንማ ሻርፕ አለበሱኝ። በቀብርህ ቀን እንደዚያ አላለቀስኩም፣ ግርምዬ። በኋላ አብዲም ልጆቹን ይዞ ገባ፤ ያረረውን በቆሎ ማንም ሳያጉረመርም ጨረስነው።

ሰኞ ሄጄ የዝውውር ማመልከቻዬን መልሼ ወሰድኩ። ወንድሜ በስልክ ተቆጣኝ፤ ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል አልኩት።

እንግዲህ ብርቱካንማ ለብሼ መቃብርህ ጋ ስመጣ ረሳችኝ እንዳትል። ጥቁሩን ለአዬዮ ሰጠሁ እንጂ አንተን ለማንም አልሰጠሁም፤ እዚሁ ጅግጅጋ፣ አጠገብህ እስካርፍ ድረስ ይዤህ እኖራለሁ።

ሚስትህ