ከድርን ያስረከብንበት ወረቀት

ማክሰኞ፣ ጥቅምት ፪

ሠላሳ ስምንት ደብተር አረምሁ። ሦስተኛ ክፍል፣ መደመርና መቀነስ። ጣቶቼ ቀይ ቀለም ነክቷቸዋል፤ ደብተሬ ሆይ፣ ገጽሽን ባቆሽሽ ይቅር በዪኝ።

ከት/ቤት በቀጥታ ወደ ክለቡ ስብሰባ። ክለቡ ማለት የጋሼ መኮንን የእህል መጋዘን፣ ሦስት አግዳሚ ወንበርና አንድ የተጣፈ ኳስ ነው። ጋሼ መኮንን የእናቴ ወንድም ናቸው፤ የከተማችን ቡድን ሰብሳቢ። እኔ ጸሐፊ ነኝ። የተመረጥሁት ኳስ ስለማውቅ አይደለም። በኮሚቴው ውስጥ መስመር ሳያጣምም የሚጽፍ ሌላ ሰው ባለመገኘቱ ነው።

ዛሬ አዲስ ዕቅድ አቀረቡ። አዲስ አበባ ሄደው አይተዋል፤ ትልልቆቹ ቡድኖች ጎበዝ ተጫዋች አጥተው ይቸገራሉ። ስለዚህ እኛ ከጢቾ፣ ከሁሩታ፣ ከአርቦዬ ልጆችን ስማቸው ሳይወጣ እናመጣለን። እናበላለን፤ እናሠለጥናለን፤ ሲጎለምሱ ለትልልቆቹ እንሸጣለን። በምላሹ ታኬታ፣ ማልያ፣ ኳስ። በዚያ ደግሞ ሌሎች ልጆች። ነገሩ እንደ ጊደር ነው አሉ፤ በጥጃነቷ ይዞ ያሳደጋት ሰው ያተርፋል።

አቶ ያሲን፣ ማልያችንን የሚሰፉት ምክትል ሰብሳቢ፣ "እንግዲያው ልምምዱን ከብት ተራ እናድርገዋ ጋሼ መኮንን! ሜዳ ምን ያደርግልናል?" ብለው ሁሉንም አሳቁ። ጋሼም ሳቁ።

በቃለ ጉባኤው ላይ "ይሸጣል" የሚለውን ቃል አልጻፍሁም። "ያስተላልፋል" አልሁ። ነገሩን ማረሜ ይሁን መሸፈኔ፣ ይኸው እስካሁን አልለየሁትም።

እሑድ፣ ጥቅምት ፯። ጢቾ

በሰው ቤት ሆኜ እጽፋለሁ። ትናንት በእህል መኪና፣ ከዚያ በበቅሎ መጣን። እናቴ የፈቀደችልኝ ከወንድሟ ጋር ስለምሄድ ብቻ ነው።

ልጁ ከድር ይባላል። ዐሥራ ሰባት ዓመት ገደማ። ጋሼ አምና በገበያ ቀን ሲጫወት አይተውት ከዓይናቸው አልጠፋም። አባቱ ኦቦ ገመዳ ገብስና ፈረስ ያላቸው፣ ጎረቤት የሚያከብራቸው ሰው ናቸው። አማርኛ አይናገሩም፤ ጋሼ ኦሮምኛ አይችሉም። አስተርጓሚዋ እኔ።

ኦቦ ገመዳ ረጋ ብለው ተናገሩ። ልጃቸውን ለሥራ አይሰጡም። ለጨዋታማ ጭራሽ፤ ለኳስ ብሎ ልጅ የሰጠ ሰው ሰምተው አያውቁም። ጉዲፈቻ ከሆነ ግን ሽማግሌ ተቀምጦ ይነጋገርበታል። እንደ ወለዱት ያዩታል? ያስተምሩታል? ቢታመም አጠገቡ ይሆናሉ?

አንድ በአንድ ለጋሼ ተረጎምሁ። ጉዲፈቻ መሐላ መሆኑን፣ የሰጠም የተቀበለም ሊያፈርሰው እንደማይችል ነገርኋቸው። ሰዓታቸውን አዩ። "እሺ በያቸው። ሁሉንም እሺ በያቸው፤ መኪናው ጥሎን ሊሄድ ነው።"

እሺ ብለዋል አልሁ። ሽማግሌዎቹ እርጥብ ሳር በእጃቸው ይዘው መረቁ። ወተት መጣ። ጋሼ ጠጡና አፋቸውን በመሐረብ ጠረጉ።

ወረቀቱን ጻፍሁ። ጋሼ ሁለት መስመር ይበቃል ብለውኝ ነበር፤ እኔ አንድ አንቀጽ ጨመርሁ፦ "ሰብሳቢው ለልጁ እንደ አባት ሆነው ስለ ትምህርቱ፣ ስለ ጤናውና ስለ ኑሮው ሁሉ ይወስናሉ።" ይህን ያደረግሁት ጋሼን ለማሰር ነው። መሐላው በቃል እንዳይቀር። ለኦቦ ገመዳ በኦሮምኛ አነበብሁላቸው፤ ሁለት ጊዜ አስደገሙኝ፤ ከዚያ አውራ ጣታቸውን ቀለም አስነክረው ፈረሙ።

ደስ ብሎኛል። ጽሕፈቴ ለአንድ ሰው ከለላ ሲሆን የመጀመሪያው ነው።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት ፱

አቶ ያሲን ሱቅ ገባሁ። ጉዞው እንዴት ነበር አሉ። ነገርኋቸው። የስፌት መኪናቸውን አቆሙ።

"ሽማግሌዎቹ ሳር ይዘዋል?"

አዎ።

"ጋሼ መኮንንስ ወተቱን ጠጥተዋል?"

አዎ አልሁ።

"እንግዲህ ተጫዋች አይደለም ያመጣችሁት፤ ልጅ ነው። ጋሼ መኮንን ያውቃሉ?"

እኔው ራሴ እንደነገርኋቸው መለስሁ። "እንደነገርሽማ አውቃለሁ። ያውቃሉ ወይ ነው ያልሁሽ።" መልሰው መስፋት ጀመሩ።

ዓርብ፣ ኅዳር ፫

ከድር እኔ ክፍል ገብቷል። ከሁሉም ትልቅ፤ ጉልበቱ ከዴስኩ ሥር አልገባ ብሎ ወደ ጎን ይቀመጣል። የሚኖረው በጋሼ ግቢ፣ ከመጋዘኑ ጎን ባለችው ክፍል። ወደ ቤታቸው ግን አንድ ቀን ለምሳ እንኳ አልተጠራም። ለምን ብዬ እናቴን ጠየቅሁ፤ ወንድሟ ሥራ በዝቶበት ነው አለች።

ንባቡ በፍጥነት ተሻሽሏል። "እትዬ፣ ይቺን ቃል ያለ እርዳታ አነበብኋት" እያለ በዕረፍት ሰዓት ይከተለኛል። ጎበዝ ቀልደኛ ነው። ጋሼ እጃቸውን ወደ ኋላ አድርገው ሲሄዱ ያስመስላል፤ ልጆቹ በሳቅ ይሞታሉ፤ እኔ ላለመሳቅ ወደ ሰሌዳው እዞራለሁ። ስለ ታኬታው ጠየቅሁት። "እግሬን ሹም አስመስሎታል፤ ኳሷ ግን ይሄ ማነው ትለኛለች።"

ምን መሆን ትፈልጋለህ አልሁት። የከብት ሐኪም። አምና አራት ፈረሶቻቸው በአንድ ሳምንት አልቀዋል፤ ምን እንደገደላቸው የነገራቸው ሰው አልነበረም። ስንት ዓመት መማር ይጠይቃል አለኝ። ብዙ አልሁት። ብዙ ስንት ነው አለኝ። ጽፌ አሳየሁት። ቁጥሩን ደብተሩ ላይ ገልብጦ አሰመረበት።

እሑድ፣ ኅዳር ፲፱

ከሁሩታ ጋር ግጥሚያ። ከጭላሎ ተራራ በኩል ብርዳም ነፋስ፤ ኳሱ በአየር ላይ ይጣመማል። ሁለት ለአንድ አሸነፍን፤ ሁለቱንም ከድር አገባ። ሕዝቡ ተሸክሞት ዞረ። እኔም ጮኽሁ፤ ቆይቶ አሳፈረኝ።

ከጋሼ አጠገብ አንድ እንግዳ ቆመዋል። መቶ አለቃ ናቸው፤ ከአዲስ አበባ፣ የአንድ ጦር ካምፕ ቡድን ኃላፊ። ከጨዋታው በኋላ ከድርን አስጠርተው ባቱን ጨበጥ፣ ጉልበቱን እጥፍ ዘርጋ አድርገው አዩት። ጥርሱን የሚያዩ መስሎኝ ነበር። ከድር ወደ እኔ እያየ በዓይኑ ይስቃል። እኔ አልሳቅሁም።

ረቡዕ፣ ኅዳር ፳፪። ከቀኑ ፲፩ ሰዓት

ከስብሰባ አሁን ተመለስሁ።

ካምፑ ከድርን ይወስዳል። በወታደርነት ይመዘገባል፤ ሰባት ዓመት። ለቡድናቸው ይጫወታል። ለእኛ ዐሥራ አንድ ጥንድ ታኬታና ሁለት አዲስ ኳስ። ጋሼ ፊታቸው እንደ ፀሐይ አብርቷል። ዕቅዱ ሠራ! በዚህ ዕቃ ከአርቦዬ ሁለት ልጆች እናመጣለን።

ለመናገር ፈቃድ ጠየቅሁ። ጉዲፈቻ መሆኑን፣ አባቱ አለመጠየቃቸውን፣ ትምህርቱ መቋረጡን፣ በቅደም ተከተል አስረዳሁ። ጋሼ አልተቆጡም። ቢቆጡ በተሻለ ነበር። ወረቀቱን አውጪና አንብቢ አሉኝ። አነበብሁ።

"ስለ ኑሮው ሁሉ ማን ይወስናል ይላል?"

"እርስዎ።"

"እንደ ምን ሆኜ?"

"እንደ አባት።"

"ይህን አንቀጽ ማን ጨመረው የኔ ልጅ? እኔ ነኝ?"

አቶ ያሲን ጣልቃ ገቡ። "አባት ነኝ ካሉ እስቲ ልጅዎን አንድ ቀን ከማዕድዎ ያስቀምጡት፤ ከዚያ በኋላ ይስጡት!" አንዱ ሳቀ፤ ሌሎቹ ወደ መሬት አዩ። ድምፅ ተሰጠ። ሦስት ለአንድ። ጸሐፊ ድምፅ የለውም።

ውሳኔውን በንጹሕ ጽሕፈት አሰፈርሁ። ስርዝ ድልዝ የለውም።

ሐሙስ፣ ኅዳር ፳፫

ለኦቦ ገመዳ ደብዳቤ ጀመርሁ። ማን ያነብላቸዋል? ማንስ ያደርሳል? የጢቾ መኪና የሚወጣው ቅዳሜ ነው። ከድርም የሚሄደው ቅዳሜ።

ቀደድሁት።

ዓርብ፣ ኅዳር ፳፬

ከድር ከክፍል በኋላ ቀረ። ወረቀቱን እንዳነብለት ለመነኝ፤ ከዚያ ሐሳቡን ለወጠና ራሴ ላንብበው አለ። ጣቱን ከቃል ወደ ቃል እያሳለፈ አነበበው። አንድም ቦታ አልተሳሳተም። እኔ ነኝ ያስተማርሁት።

"'እንደ አባት' ካለ፣ እንግዲህ እሺ ማለት አለብኝ።"

እምቢ ማለት ትችላለህ አልሁት። ማን ዘንድ ሄጄ አለኝ። ኦቦ ገመዳ ሲሸኙት ያሉትን ነገረኝ፦ ዛሬ የሰጠሁህን አባት ብታሳፍረው ያሳፈርኸው እኔን ነው።

ማን ዘንድ ሄዶ? ዳኛው የጋሼ ወዳጅ። ርዕሰ መምህሩ የኮሚቴው አባል። እኔ የሃያ ሁለት ዓመት መምህርት፤ ያለ እናቴ ፈቃድ ከከተማ የማልወጣ። ይህን ሁሉ በልቤ ቆጠርሁ። የንባብ መጽሐፉን ስጦታ አድርጌ ሰጠሁት። ከእጄ የወጣው ይኸው ብቻ ነው።

ቅዳሜ፣ ኅዳር ፳፭

ሄደ። በንጋቱ አውቶቡስ። ጋሼ መጋዘን የሚከፍቱበት ሰዓት ስለነበር አልሸኙትም።

ሐሙስ፣ ታኅሣሥ ፯

ዛሬ የሆነውን በሥርዓቱ ልጻፈው።

የገበያ ቀን ሳይሆን ኦቦ ገመዳ ጋሼ በር ላይ ቆመዋል። የመጡት በሁለት ፈረስ ነው፤ አንዱን ተቀምጠው፣ ሌላውን ለልጁ ኮርቻ ጭነው ባዶውን እየሳቡ። የከድር ታናሽ እኅት ልታገባ ነው፤ ለሠርጉ ልጁን ለሦስት ቀን ሊያስፈቅዱ መጥተዋል። በደንቡ መሠረት የሚያስፈቅዱት አባቱን ነው፤ ማለትም ጋሼን።

ጋሼ አስጠሩኝ። ገና ሳልቀመጥ፦ "አዲስ አበባ ለትምህርት ልኬዋለሁ በያቸው። ደህና ት/ቤት ነው በያቸው።"

ኦቦ ገመዳ አፌን ያያሉ። ከዚህ በፊት ሳስተረጉም ሰው ያልተናገረውን ቃል ጨምሬ አላውቅም፤ የተናገረውንም አስቀርቼ አላውቅም። አሁን ሁለቱንም አደረግሁ። ወታደር ቤት ነው ያለው አልኋቸው። ሰባት ዓመት። በታኬታ ለውጠውታል። ወረቀቱን የጻፍሁት እኔ ነኝ።

ጋሼ የተረጎምሁ መስሏቸው ራሳቸውን ይነቀንቃሉ።

ኦቦ ገመዳ ይጮኻሉ ብዬ ጠበቅሁ፤ ዱላቸውን ያነሣሉ ብዬ ጠበቅሁ፤ እውነቱን ልንገርሽ፣ ተመኘሁ። እርሳቸው ግን ጋሼን በእጃቸው ሰላም ብለው ወጡ። እስከ ፈረሶቹ ተከተልኋቸው። ይመልሱት፣ አቤት ይበሉ፣ እኔ እመሰክራለሁ አልኋቸው። አይሆንም አሉ። ሰጥተዋል። በሽማግሌ ፊት ሰጥተው ዛሬ ልጄን መልስ ቢሉ መሐላውን ያፈረሱት እርሳቸው ይሆናሉ፤ ሌላው ሰው መሐላውን አለመጠበቁ እርሳቸውን ነፃ አያወጣቸውም።

ይህን መልስ ከሌላ ሰው ብሰማው እከራከረው ነበር። ከእርሳቸው አፍ ሲወጣ የምይዘው ጫፍ አጣሁ።

ፈረስ ላይ ሆነው ቁልቁል አዩኝ። የጋሼ የእኅት ልጅ መሆኔን ጠየቁ። አዎ አልሁ። "እንግዲያው ለከድር እኅቱ ነሽ። እኔ አልችልም፤ አንቺ ግን ከወገንሽ ጋር መነጋገር ትችያለሽ።" ተቆጥተው አልተናገሩትም። እንደሚታወቅ ነገር ነው የተናገሩት።

ባዶውን ፈረስ እየሳቡ ሄዱ።

ዓርብ፣ ታኅሣሥ ፰

ጋሼን አነጋገርሁ። ሳቁ። "መቶ አለቃ ሆኖ ሲመጣ አንቺው ነሽ እልል የምትይው" አሉ። እሑድ ለአርቦዬ እንድዘጋጅ ነገሩኝ፤ ሁለት ልጆች፣ ሁለት አባቶች። እንደማልሄድ ተናገርሁ። ግድ የለም፣ የመምሬን ልጅ እወስዳለሁ አሉ። የጎረቤታችን የቄሱ የመምሬ ልጅ ኦሮምኛው ከእህል ዋጋ አያልፍም። ማለት፣ እኔ ባልሄድ የሚቀር ነገር የለም። ብሄድም የሚቀር ነገር የለም።

ቤት ስገባ እናቴ ድምፄን ሰምታ ከጓዳ ወጣች። በወንድሟ ላይ አፌን መክፈቴን ቀድሞ ሰው ነግሯታል። አይታኝ ተመልሳ ገባች።

ከርዕሰ መምህሩ የሦስት ቀን ፈቃድ ጠየቅሁ። ለምን አሉ። የቤተሰብ ጉዳይ። ማን ታመመ? ወንድሜ ከቤት ርቋል አልኋቸው። ውሸት መሆኑን አለመሆኑን እስከ ቤት ድረስ ስመረምር መጣሁ፤ ውሸት ሆኖ አላገኘሁትም።

ሰኞ በንጋቱ አውቶቡስ ወደ አዲስ አበባ። ለእናቴ እሑድ ማታ እነግራታለሁ። ብትከለክለኝም እሄዳለሁ፤ ይህን የጻፍሁት እንዳልሸሽ ነው።

ካምፑ በር ላይ ዘበኛ ይኖራል። ማንን ፈለግሽ ይለኛል፤ ከድርን እላለሁ። ምኑ ነሽ ይለኛል፤ እኅቱ ነኝ እላለሁ። እርሱ እስላም፣ አንቺ በአንገትሽ ማተብ፣ እንዴት ሆኖ ይለኛል። ያን ጊዜ በሽማግሌ ፊት፣ በሳርና በወተት፣ ጢቾ ላይ እንዲህ ሆነ ብዬ ከመጀመሪያው እነግረዋለሁ፤ እስኪሰማኝ ድረስ ቆሜ እነግረዋለሁ። ከዚያም እሺ፣ ገባኝ፣ አሁን ወደ እርሱ የሚያስገባሽ ማዘዣ የታለ ቢለኝ፣ እኔ ማዘዣ የለኝም እለዋለሁ፤ እኅቱ ነኝ ብዬ እንደገና ከጢቾ እጀምራለሁ።