የእናትሽ ናሙና አልጠፋም

ልጄ፣ የእናትሽ ናሙና አልጠፋም፤ ዋሽቼሽ ነው። ይህን ሳልናገር ሰላም ልልሽ ብሞክር ቃሉ አልወጣልህ አለኝ። አሁን ግን እንደምን ከርመሻል? ፈጣሪ በሄድሽበት ሁሉ ይቅደምልሽ።

እኔ ደህና ነኝ። የሚያፈሰው ጣሪያ ተጠግኗል። እህትሽ እየመጣች ጨው ታበዛለህ ብላ ትቆጣኛለች።

እናትሽ ከመሞቷ በፊት ሐኪሞቹ ከእብጠቷ የወሰዱትን ናሙና «ለልጄ ምርምር ይላክልኝ» ብላ ነበር። የቀረው በፈቃድ ቅጹ ላይ የእኔ ፊርማ ብቻ ነበር። እኔ ግን ቅጹን መሳቢያ ውስጥ ቆለፍኩበት፤ አንቺ ስትጠይቂኝ «ሆስፒታሉ ጠፋብኝ አለ» አልኩሽ። በጠርሙስ የምታሳድጊያቸውን «ሴሎቼን ላበላ» ብለሽ በየእሁዱ ወደ ላቦራቶሪ ስትሮጪ እናትሽ «ሳትወልድ ሞግዚት ሆነች!» እያለች ትስቅ ነበር። እኔ አልሳቅኩም። ከሞተች በኋላ እሷንም በጠርሙስ እያበላችሁ ዕረፍት የምትነሷት መሰለኝ። ለፈጣሪ አራት ዓመት ሙሉ ተናዘዝኩ፤ ላንቺ ግን አፌ አልፈታ አለ።

ማክሰኞ ጠዋት ቅጹን ይዤ ሆስፒታል ሄድኩ። የናሙና ክፍሏን ሠራተኛ ምን እያበላችሁ አቆያችኋት ብዬ ጠየቅኳት።

«ኧረ አባባ! በሰም ውስጥ ያለ ቁራጭ ነው እኮ፤ አይበላ፣ አይጠጣ» አለችኝ።

አላለቀስኩም፤ እፎይም አላልኩም። እጄ የሌላ ሰው እጅ መሰለኝ።

ተቆጪኝ፣ ግድ የለም፤ ብቻ ዝም አትበዪኝ። ሥራ ብለሽ ምግብ አትዝለዪ። እጅሽ የነካው ሁሉ ይባረክ። ያኔውኑ ብዕር ተቀብዬ ፈረምኩና ቅጹን ለሠራተኛዋ ሰጠኋት።

አባትሽ