ሌሊት የሚያትም ፕሪንተር

ማክሰኞ

ዛሬም እምቢ አለ። ፕሪንት እለዋለሁ፣ ኮምፒውተሩን የሚያሠራው ሊኑክስ ተልኳል ይላል፣ ፕሪንተሩ ዝም። ትናንት ጠዋት ደህና ነበር። የመስኖ ማኅበራችን የሚቀጥለው ሳምንት የውኃ ተራ ቅዳሜ ፓምፑ ቤት በር ላይ መለጠፍ አለበት። በእጄ እንዳልጽፈው፣ ባለፈው «ስም ፋቃችሁ» ተብሎ ገበሬዎቹ ዱላ ተማዘዋል። ቆቦ ወስጄ ባሳትመው ደግሞ መንገድ ላይ ተቀየረ ይሉኛል። በዚህ ሙቀት ሽንኩርቱ አንድ ተራ ካመለጠው አለቀለት።

ገመዱን ነቀነቅኩ። ወረቀት ቀየርኩ። አጥፍቼ አበራሁ። ተሳደብኩ። ምንም።

ረቡዕ

ሊኑክሱን የጫነልን ደሴ ያለው የአክስቴ ልጅ ከድር ነው። በስልክ እየመራኝ ሎግ የሚባለውን ፋይል ከፈትኩ፤ ኮምፒውተሩ የሠራውን ሁሉ ከነሰዓቱ የሚመዘግብበት ነው። አንድም ነገር አልገባኝም። ፎቶ አንስቼ ላክሁለት።

ቆይቶ ደወለ። «ፕሪንተሩ አልተገኘም» የሚል መስመር ከሰኞ ጀምሮ ሞልቷል አለኝ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ሌሊት ቢሮው ውስጥ ማን ያድራል?» አለ። ሁለት፣ ሦስት፣ አራት ሰዓት ላይ ፕሪንት የተባለ አለ። ኮምፒውተር በፈረንጅ ስለሚቆጥር በእኛ ከሌሊቱ ስምንት፣ ዘጠኝ፣ አሥር መሆኑ ነው። እኔ ከሰዓት በኋላ ስታገል የዋልኩት ደግሞ አንድም የለም።

ማደሩንስ ዘበኛችን አባባ ሁሴን ያድራሉ። ግን እሳቸው ስልክ እንኳ ሰው ነው የሚደውልላቸው።

ሐሙስ

ምነው አፌን በቆረጠው። ለሊቀመንበሩ ለጋሽ ምትኩ እንደ ዋዛ ነገርኳቸው። ለወትሮ አንቱ የሚሏቸውን አባባ ሁሴንን አስጠርተው፣ «አንተ፣ ሌሊት ማንን ነው የምታስገባው? የማንን ተራ ልታስለውጥ ነው?» አሉ። የቅዳሜው ስብሰባ ያሰናብታቸዋል አሉ።

አባባ ሁሴን ያዩት እኔን ነው። «ወላሂ፣ እንኳን ልነካው በሱ በኩል አላልፍም። አንቺ ታውቂኝ የለ ልጄ።»

ዓይኔን ወደ ስክሪኑ አዞርኩ። ሎጉ ሌላ ነዋ የሚለው። የቢሮውን ቁልፍ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጠው ወጡ።

ምሳ አልበላሁም። ማንን ልመን?

ዓርብ

ገባኝ። ምነው ትናንት በገባኝ።

ለከድር ሌላ ፎቶ ላነሳ ስልኬን ስክሪኑ አጠገብ ስይዝ፣ ስልኬ ሦስት ሰዓት ይላል፣ ስክሪኑ ዘጠኝ። ስልኬ በፈረንጅ ነው። ኮምፒውተሩ ግን በሐበሻ። ያዞርኩት እኔው ነኝ። አምና ጠዋት ያተምነው ተራ ግርጌው ላይ በፈረንጅ ዘጠኝ ሰዓት ስለሚል፣ ገበሬው «ሌሊት ተደብቃችሁ ነው የሠራችሁት» አለንና ጋሽ ምትኩ አስተካክይው አሉኝ። ከዚያ ወዲህ ከእኔ ሰዓት ጋር ስለሚገጥም ጭራሽ ረሳሁት። ሌሊት ገባ የተባለው ሰው እኔ ነኝ፣ ጠዋት በሁለት፣ በሦስት፣ በአራት። ከሰዓት በኋላ በስምንት፣ በዘጠኝ የሞከርኩትም በፈረንጅ ጠዋት ተብሎ ተነቦ ነው።

ከከድር ጋር እንደገና አነበብነው። የመጀመሪያው ስህተት ሰኞ አራት ሰዓት ላይ ነው። ሰኞ አራት ሰዓት ምን ሳደርግ ነበር? አቧራ ስጠርግ። የፕሪንተሩን ገመድ ነቅዬ የሰካሁት እንደ ድሮው ከኮምፒውተሩ ኋላ ሳይሆን ከፊት ነው፤ የፊቱ መሰኪያ አይሠራም ኖሯል። ወደ ኋላ መለስኩት። አጓራና የሳምንቱን ሁሉ ወረቀት ይተፋው ጀመር። ደስ ሊለኝ ሲገባ አለቀስኩ።

ቅዳሜ

ተራው ተለጠፈ። የሆነውን ስብሰባው ላይ ተነሥቼ ተናገርኩ። ጋሽ ምትኩም «ሳላጣራ ነው፣ ይቅር ይበሉኝ» አሉ፤ ከእሳቸው አፍ ይሄ ብዙ ነው። እኔ አባባ ሁሴን እግር ላይ ልወድቅ ስል ክንዴን ይዘው አነሡኝ። «አፉ ብያለሁ» አሉ።

ቁልፉን ስሰጣቸው ግን አልተቀበሉኝም። «አንቺ ጋ ይደር። እኔ ከደጅ ሆኜ እጠብቃለሁ» አሉ። ስወጣ በረንዳው ላይ ምንጣፋቸውን ሲያነጥፉ አየኋቸው።

ቁልፉ ቦርሳዬ ውስጥ ነው። ሰኞ ደግሜ እሰጣቸዋለሁ። ካልተቀበሉኝ ምን እንደማደርግ አላውቅም።